የግራው እጀታ

ዮም ጊልሱ በጠዋቱ ባቡር ከዴጆን ተነሥቶ ሴኡል፣ ዮንግሳን ኤሌክትሮኒክስ ገበያ ሲደርስ ባለሱቆቹ ገና መዝጊያቸውን ወደ ላይ እየሰቀሉ ነበር። ጡረታ የወጣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በዕድሜው የኮምፒውተር ጌም ነክቶ አያውቅም። አንዱ ሱቅ «መጫወቻ ፎቅ ላይ ነው» ብሎ ሸኘው፤ ሌላው ስቆ ሸኘው። በመጨረሻ ታክ ኢንቦም የሚባል፣ ሆዱ ከባንኮኒው ጋር የሚጋፋ ሰውዬ የቁርስ ኑድሉን ገፋ አድርጎ ሰማው።

«የጄት ነዳጅ መስጫ ነው የምፈልገው» አለ ጊልሱ። «ባለሁለት ሞተር ጄት። ሁለት እጀታ ጎን ለጎን ሆነው በአንድ እጅ የሚያዙት።»

«ስሮትል ማለትዎ ነው፣ አባት። ሞልቷል። ለልጅ ልጅዎ ነው?»

«ለልጄ።»

«ዕድሜውስ? ትንሽ ልጅ ከሆነ ይከብደዋል ብዬ ነው።»

«አይከብደውም። ሻምበል ነው» አለ ጊልሱ። ከዚያ ቆም ብሎ፣ «ነበር» አለ።

ኢንቦም የኑድሉን እንጨቶች ከእጁ አስቀመጠ። ቼሪው ባበበበት ሰሞን የወደቀውን የጦር አውሮፕላን ዜና አገር ሁሉ አይቶታል። ሌላ አልጠየቀም፤ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ከባድ ካርቶን አወረደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጊልሱ አንድያ ልጅ ጄሃ ከምሥራቁ ጠረፍ አጠገብ ካለ ጦር ሰፈር ተነሥቶ ገና ብዙ ከፍ ሳይል የቀኙን ሞተር እሳት ያዘው። እንዲህ ሲሆን አብራሪው የሚነደውን ሞተር አጥፍቶ በደህናው ይመለሳል። ጄሃ ግን አልተመለሰም። ከነአውሮፕላኑ ተራራ ሥር ካለ የድንች ማሳ ላይ ወደቀ። አጣሪ ኮሚቴው ሥራውን ሲጨርስ አባትና እናትን አስጠራ። ኮሎኔል ማ የሚባሉ ጠጉራቸው የሸበተ መኮንን ሶፍቱን ወደ ሱንዶክ፣ ወደ ጊልሱ ሚስት፣ አስጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። ቀኙ ሞተር ሲነድ ሻምበል ዮም በስህተት የግራውን እጀታ ስቦ ደህናውን ሞተር አጠፋው።

ጊልሱ ከዚህ ወዲያ የተነበበውን አልሰማም። ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

«የማን እጅ ነው የተሳሳተው? የጄሃ? ሞቶ አፉን ስለማይከፍት ነው? ያረጀ ብረታችሁን ልጄ ላይ ልታላክኩ?»

በሩን በርግዶት ወጣ። ሱንዶክ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ መኮንኖቹን በየተራ እጅ እየነሣች ተከተለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ እግሩ ፍሬንን ከነዳጅ አሳስቶ አያውቅም፤ አይቶም አይደለም፣ እግሩ ራሱ ያውቃል። እጅም እንደዚያው ነው ብሎ አመነ። ልጁ በየቀኑ የሚጨብጠውን ነገር እንዴት ይስታል? እጀታውን አሳዩኝ፣ አንዴ ልጨብጠው ብሎ አመለከተ፤ የጦር ሚስጥር ነው ተባለ። ውሳኔው እንደገና እንዲታይለት አቤት አለ፤ ቅጠል በሚረግፍበት ወር ቀጠሮ ተሰጠው። ግን ባዶ እጁን ገብቶ «ልጄ እንዲህ አያደርግም» ቢል ማን ይሰማዋል? ይህን የማይል አባት የለም። ያኔ ነው አንድ ጎረቤት፣ ያንኑ ዓይነት አውሮፕላን ጌም ላይ እንደሚያበሩት የነገረው። መብራቱ፣ ደወሉ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ሳይቀር እንደ እውነተኛው ነው አለው። የሚጎድለው በእጅ የሚጨበጠው ብረት ብቻ ነው።

ጊልሱ ብረቱን ጄሃ ተማሪ ሳለ ያጠናበት ጠረጴዛ ላይ በብሎን አሰረው።

ብረቱና ጌሙ ግን አልተዋወቁም። እጀታውን ወደፊት ሲገፋው መንገድ ላይ ቀጭ የሚል ጥርስ ያገኛል። እውነተኛው ጄት ላይ ነበልባል ከጭራው የሚወጣው ያን ጥርስ ሲያልፉ ነው። ጌሙ ውስጥ ያለው ጄት ግን እጀታው ጥርሱ ጋ ሳይደርስ ነበልባሉን ይተፋል። ወደ ኋላ ሲስበውም ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ በዝቅተኛው ዙር፣ ቆሞ ማጉረምረም ሲገባው ድርግም ብሎ ይጠፋል። ያንን ሲያስተካክል ደግሞ እጀታው የመጨረሻው ጥግ ደርሶ እንኳ ሞተሩ አልጠፋም ይላል። እየደወለ ኢንቦምን ያስጨንቀው ጀመር።

«አባት፣ ይኼ ብረት የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው» ይለዋል ኢንቦም። «ይኼ ቁጥር ሚኒሞ ነው፣ ይኼኛው ነበልባል ነው ብለን ለጌሙ የምንነግረው እኛ ነን። እንደ ልብስ ስፌት ያዩት፤ ትንሽ ጠበብ፣ ትንሽ ሰፋ።»

«ፀጉር የምታህል ልዩነት እንዳይኖረው።»

«ለጨዋታ እኮ ይኼም በቂ ነው።»

«ጨዋታ ነው ያልኩህ እኔ?»

ኢንቦም ይስቅና መልሶ ይደነግጣል። «እሺ፣ እሺ። ማስተካከያውን ይክፈቱት። ቀስ አድርገው ይሳቡት... አሁን ቁጥሩ ስንት አለ?»

በዚህ ሁኔታ በጋው አለፈ። ጊልሱ መላጨት ተወ። ሱንዶክ ሾርባ ታቀርብለታለች፤ በረዶ ሆኖ ታነሣዋለች። ከክፍሉ የሚሰማው ደወሉ ነው። ሞተር ሲቃጠል የሚጮኸው ደወል ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጮሃል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጊልሱ እየሮጠ ወጥ ቤት ገባ። ፊቱ በርቷል፤ ሱንዶክ እንደዚያ ካየችው ቆይታለች።

«አገኘሁት! ሱንዶክ፣ አገኘሁት! ቀኙ ነደደ፣ ቀኙን ሳብኩት፣ ግራው ጠፋ! ገባሽ? ቀኙን ነው የሳብኩት፣ ግራው ነው የጠፋው! ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ያው ነው!»

«ምን ማለት ነው?»

«ምን ማለት ነው ትያለሽ? ልጅሽ አልተሳሳተም ማለት ነው! ትክክለኛውን ስቧል። ብረቱ ነው የከዳው!»

ሱንዶክ የበሩን መቃን ያዘች። ለአንዲት አፍታ እሷም አመነች፤ ከሁሉ በላይ በኋላ ያቃጠላት ይኸው ነው።

ጊልሱ ኮሎኔል ማ ዘንድ ደወለ። «የቀኝና የግራ ገመድ አቀያይራችሁ ልጄን ገደላችሁት! ማስረጃ አለኝ! ገና አስለቅሳችኋለሁ!» አለ።

ኮሎኔሉ እስኪጨርስ ጠበቁት። «አቶ ዮም፣ የትኛውን አውሮፕላን አይተው ነው?»

«ጌሙ ላይ ያለውን! እንደ እውነተኛው ነው ብለውኛል!»

«አቶ ዮም» አሉ ኮሎኔሉ፣ «ምግብ ይበላሉ?»

ጊልሱ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋና ለምስክርነት ኢንቦም ዘንድ ደወለ። ኢንቦም ነገሩን ሰምቶ እንደ ሌላው ጊዜ አልሳቀም።

«አባት... እስቲ የማስተካከያውን ገጽ ይክፈቱልኝ። የመጀመሪያው መስመር ምን ይላል?»

«ቀኝ እጀታ።»

«ከጎኑስ?»

ጊልሱ መነጽሩን አስተካክሎ አየ።

«ግራ ሞተር ነው የሚለው፣ አይደል?» አለ ኢንቦም ቀስ ብሎ። «ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ባለፈው ቁጥሩን ስንለዋውጥ አቀያይረውት ይሆናል። በሉ አሁን እናስተካክለው...»

ሱንዶክ የሳህን ማድረቂያውን ጨርቅ እንደያዘች በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ሞክፖ ወዳለችው እህቷ ልትሄድ ተነሣች።

«የጄሃ አባት» አለችው። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የምትጠራው በዚሁ ነው፤ ከሞተም በኋላ ሌላ ስም አልመጣላትም። «እኔ ልጄን አንዴ ቀብሬዋለሁ። አንተ ግን ከቁርስ በኋላ ትገድለዋለህ፣ ከምሳ በኋላ ትገድለዋለህ። ያ ደወል በጮኸ ቁጥር ድስት ይዤ እቆማለሁ። አሁንስ ይተርፍ ይሆን እላለሁ። ከዚያ ጸጥ ይላል። አልቻልኩም።»

«ንጹሕ መሆኑን ላሳይ ብዬ እኮ ነው! ለማን ነው የምለፋው?»

«እኔ ንጹሕ ልጅ አልጠየቅሁህም» አለችውና በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች።

ጊልሱ ብቻውን ቀረ። ከእልሁ ጋር። መስመሮቹን መልሶ አስተካከለ፤ ሚኒሞው፣ ጥርሱ፣ መጥፊያው፣ ሁሉም አንድ በአንድ ልኩ ላይ ተቀመጠ። አሁን ብረቱና ጌሙ አንድ ሆኑ፤ እጀታው ሲነቃነቅ ሞተሩ አብሮ ይተነፍሳል። ከዚያ ቀኙን ሞተር በእሳት እያስያዘ ይሞክር ጀመር። እሳት፣ ደወል፣ ቀኝ እጀታ። እሳት፣ ደወል፣ ቀኝ እጀታ። አንድም ቀን አልሳተም። አንድም።

ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ባንግ ዱሺክን ጠራው። ዱሺክ ከጄሃ ጋር አብሮ የሠለጠነ፣ አብሮ የሚበር፣ በቀብሩ ዕለት ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነው። እሑድ ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ፒር የሚባል ፍሬ የሞላበት ካርቶን ተሸክሞ መጣ። በሩ ላይ ሰግዶ ቀና ሲል ያየውን ፊት ማመን አቃተው።

«አባባ፣ ይኼ ጺም ምንድን ነው? ገዳም ሊገቡ ነው እንዴ?» አለ ሊያስቀው፤ ቀልዱ አፉ ውስጥ ሞተበት። «እማማስ?»

«ሞክፖ ናት። ና ተቀመጥ። እየኝ።»

ዱሺክ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አየ። ጊልሱ ተነሣ፣ በረረ፣ አቃጠለ፣ ቀኙን ሳበ፣ ተመለሰ። እንደገና። እንደገና። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ እንዳለ ዞረ።

«አየህ አይደል? እኔ ሽማግሌው፣ ትናንት የጀመርኩት፣ አልሳትኩም። እሱ ይስታል? አንተ መኮንን ነህ፣ ቆመህ ያየኸውን ብትናገር ያምኑሃል።»

ዱሺክ አንገቱን ደፋ።

«ምነው ዝም አልክ?»

«አባባ... የትኛው እንደሚነድ እኮ አስቀድመው ያውቃሉ። እሳቱን ያዘዙት ራስዎ ነዎት።»

«እና?»

«እና እርሱ አላወቀም።»

ጊልሱ ተቆጣ። «እንግዲያው አንተ እዘዘው! የፈለግኸውን አድርግ! ልዩነት የለውም!»

ዱሺክ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። «የቱ እንደሆነ አልነግርዎትም። መቼ እንደሆነም አልነግርዎትም። ላይሆንም ይችላል። እኔ አየር ማረፊያው ማማ ላይ ያለው የበረራ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ የምጠይቅዎትን ይመልሱልኝ።»

የመጀመሪያውን በረራ ጊልሱ ምንም ሳይሆን ዞሮ አረፈ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ዱሺክ ከኋላው ቆሞ ያዋክበው ጀመር። ወደ ግራ ይዙሩ፣ ከፍታዎ ስንት ነው፣ አልሰማሁም ይድገሙት፣ ከፊትዎ ሌላ አውሮፕላን አለ፣ አዩት? አላዩትም? ዝቅ ይበሉ፣ የሬዲዮ መስመር ይቀይሩ፣ ነዳጅ ስንት ቀረዎት? ጊልሱ ወደ ነዳጁ ቁጥር አቀርቅሮ ሳለ ደወሉ ጮኸ። የቀኙ ሞተር ቀይ መብራት በራ።

ሳበ።

ትክክለኛውን ሳበ። እርግጠኛ ነበር፤ ልቡም እጁም እርግጠኛ ነበሩ። ደወሉ ግን አላባራም። አውሮፕላኑ ጭር አለ፤ ዓለም ሁሉ ከሥሩ እንደተነጠቀ ዓይነት ጭርታ። ጊልሱ እጁን ቁልቁል አየ። ጣቶቹ የጨበጡት የግራውን ነበር።

«አይ» አለ። «አይ፣ አይ፣ አይ።»

እጀታውን መልሶ ገፋው። ማስነሻውን ተጫነ። ሞተሩ ዝም። እንደገና ተጫነ። በረዶ በመታው ጠዋት አውቶቡሱን እንደሚለምነው፣ «ተነሥ! ተነሥ የኔ ጌታ! አንዴ ብቻ!» ይላል። ማሳው እየሰፋ፣ እየቀረበ መጣ።

«ይዝለሉ፣ አባባ!» ዱሺክ ጮኸ። «ይዝለሉ! ቢጫውን የመዝለያ እጀታ ይሳቡ!»

«ቆይ! ሊነሣ ነው! ቆይ አንዴ!»

መስኮቱን አፈር ሞላው።

ዱሺክ ወለሉ ላይ በጉልበቱ ወርዶ የሽማግሌውን ፊት ቀና ብሎ አየው።

«ለምን አልዘለሉም? ጊዜ ነበረዎት።»

«እኔ ነኝ እኮ ያጠፋሁት» አለ ጊልሱ። እጁ አሁንም እጀታው ላይ ነው። «እኔ አጥፍቼው ጥዬው ልሂድ? እኔ ነኝ ማስነሣት ያለብኝ...»

የተናገረውን ራሱ ሰማው። ከዚያ አፉን በመዳፉ ከደነና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጁ ከሞተ ጀምሮ ተሳድቧል፣ ጮኋል፣ በር ሰብሯል፤ አልቅሶ ግን አያውቅም ነበር። ዱሺክ ጉልበቱን አቅፎለት ቆየ።

«እኛ ሁላችንም አጥፍተነዋል» አለ በኋላ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ማሠልጠኛው ማሽን ላይ ያላጠፋ የለም። ያጠፋ ሰው ይሳቅበትና ቢራ ይገዛል። ማሽኑ ግን መሬት ላይ የተተከለ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«"የልጄ እጅ አይስትም" እያሉኝ ምን ልበልዎት? በየስልኩ ይኼንኑ ነው የሚሉኝ። "ስቷል አባባ" ልበልዎት?»

ዱሺክ ወጥ ቤት ሄዶ ቢላ ፈልጎ ፒር ልጦ አመጣለት። እንደ ሕፃን ቁራሽ በቁራሽ እየተቀበለ በላ። ከበላ በኋላ ፊቱን ታጠበና ስልኩን አነሣ።

ኮሎኔል ማ «አቶ ዮም» ብለው ጠበቁት፤ ስድቡን ለመቀበል እንደተዘጋጁ ከድምፃቸው ያስታውቃል።

«ያን ቀን ጨርሼ ሳልሰማ ነው የወጣሁት» አለ ጊልሱ። «ጄሃ ግራውን ከሳበ በኋላ ምን አደረገ?»

ኮሎኔሉ ወረቀት ሊያገላብጡ አልሄዱም። «ወዲያው መልሶ ገፋው። ስህተቱን ወዲያው ነው ያወቀው። እስከ መጨረሻው ሊያስነሣው እየሞከረ ነበር።»

«ተነሣለት?»

«መዞር ጀምሮ ነበር። ስብርባሪው ሲመረመር ተገኝቷል። ከፍታ አነሰው እንጂ እየተነሣለት ነበር።»

ጊልሱ ዓይኑን ጨፈነ። «ኮሎኔል፣ በቀጠሮው ቀን እመጣለሁ። አልተሳሳተም ልል አይደለም። ሁለቱ እጀታ ለምን እንዲህ በቀላሉ እንደሚሳት ልጠይቃችሁ ነው። እዚህ አጠገቤ አንድ ሰው አለ፤ ነገ በዚያው አውሮፕላን ይበራል።»

በማግስቱ ተላጭቶ ወደ ሞክፖ ተሳፈረ። ሱንዶክ የጎማ ጓንት አጥልቃ፣ በእህቷ የዓሣ መደብር ዓሣ ስትበልት አገኛት። ደንበኞች መሐል ቆሞ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳይል፣ «እኔም አጠፋሁት» አላት። «ልጃችን እንዳጠፋው አጠፋሁት፣ ሱንዶክ። ሊያስነሣው ነበር። ለዚህ ነው ያልዘለለው።»

እሷ ቢላውን አስቀመጠች። «ፈርቶ ነበር?»

«ለመፍራት ጊዜ አልነበረውም። ሥራ ላይ ነበር።»

እህትየው ደንበኞቹን ወደ ራሷ ጠራች። ባልና ሚስት የዓሣ ሣጥን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሱንዶክ ጓንቷን ሳታወልቅ አለቀሰች።

በቀጠሮው ዕለት ሁለቱም ሄዱ። ዱሺክ የደንብ ልብሱን ለብሶ ከኋላቸው ተቀመጠ። ጊልሱ ሊጠይቅ የመጣውን ጠየቀ። መኮንኖቹ ጻፉ፤ ይታያል፣ ይመረመራል አሉ። ስህተት የሚለው ቃል ግን ካለበት አልተነሣም፤ እስከ ዛሬም አለ። ስብሰባው ሊበተን ሲል አፏን ከፍታ የማታውቀው ሱንዶክ ተነሥታ ቆመች።

«ጌታዬ፣ ሞተሩ መዞር ጀምሮ ነበር የሚለውን ቦታ ያንብቡልኝ» አለች።

ኮሎኔል ማ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው አነበቡላት።

«እንደገና» አለች።

እንደገና አነበቡላት።